በደረት አጥንትና በልብ መካከል

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ ሸኮን ሲያልፍ ግራ ቀኙን የሚሸፍነው ቡና ነው። ከጫካው ሥር የበቀለ አለ፣ በጓሮ የተተከለ አለ፤ በበቃና ቴፒ ላይ ደግሞ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ተዘርግተዋል። ቡናው ቀልቶ ለቀማ ሲጀመር ጉልበት ያለው ሁሉ ይወጣል። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ቅርጫት ይይዛሉ፣ ጎረምሶች ጆንያ ይሸከማሉ፣ ማታ ወንዝ ተወርዶ ገላ ይታጠባሉ። እንዲህ ባለ አገር የአንድ ልጅ ደረት ወደ ውስጥ መሰርጎዱ ከሐኪም ቀድሞ ለእኩዮቹ ይታያል። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ከነሸሚዙ መታጠብ ይለምዳል። ኳስ ሜዳ ላይ አንዱ ቡድን ልብሱን አውልቆ ሲጫወት እርሱ ከለበሱት ጋር ለመሰለፍ ይለማመጣል።

ስርጉድ ደረት በደረት ግድግዳ ላይ ከሚታዩት የአፈጣጠር መዛነፎች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው ነው። ከ300 እስከ 400 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚታይ ይገመታል፤ ግምቱ በአብዛኛው የመጣው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ጥናቶች ነው። በዚያ ስሌት ከሄድን 1,200 ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ልዩነቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ በቤተሰባቸው ውስጥ ተመሳሳይ ደረት ያለው ሰው አላቸው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ በሠራችው ወይም ባልሠራችው ነገር የሚመጣ አይደለም፤ ልጁ አጎንብሶ ስለተቀመጠም አይመጣም።

የጎድን አጥንቶች ፊት ለፊት ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኙት በቀጥታ አይደለም። መካከላቸው ላይ በቀላሉ የሚተጣጠፍ ለስላሳ አጥንት አለ፤ ደረት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍና ዝቅ የሚለው በእርሱ ምክንያት ነው። በስርጉድ ደረት ላይ ይህ ለስላሳ አጥንት ከልክ በላይ አድጎ የደረት አጥንቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ አከርካሪው ይገፋዋል ተብሎ ይታሰባል። ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ ገና በሕፃንነት ይታያል፤ የሚጠልቀው ግን ልጁ በጉርምስና ዕድሜው ቁመት ሲጥል ነው። ከደረት አጥንቱ ጀርባ ያለው ልብ ነው። ቦታ ሲጠበው ወደ ግራ ይሸሻል፣ የቀኙ ክፍሉም ይጨፈለቃል። ተቀምጦ እያለ ምንም የማይሰማው ልጅ ዳገት ሲወጣ ወይም ሲሮጥ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ልቡ የሚደልቀው ለዚህ ነው። ልብ በሩጫ ጊዜ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም ማብዛት ሲያቅተው የምቱን ቁጥር ያበዛል።

ይህ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥረኛል ብሎ ነው የሚሄደው። ሸሚዙን እንዲያወልቅ ካልተጠየቀ አስም ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል። ደረቱ ከታየም በኋላ አንድ ሌላ ጥያቄ፣ መዛነፉ ከሌላ ሕመም የመጣ ይሆን ወይ የሚለው፣ መመለስ አለበት፤ ይህኛው ጥያቄ ደግሞ በኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው።

የልጅ ደረት ቅርጹን የሚያጣበት ሌላ መንገድ አለ፤ ሪኬትስ። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል አጥንት ካልሲየም መያዝ ያቅተውና ይለሰልሳል። የለሰለሰ ደረት ትንፋሽ በተሳበ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል፣ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ያብጣል፣ ከግርጌያቸውም ዙሪያውን ቦይ ይወጣል። በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶ/ር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት የዚህን ጉዳት ልክ በቁጥር አሳየ። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች ሕሙማንን ከ500 ምች ከሌለባቸው ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት መካከል ሪኬትስ የነበረባቸው 210 ሲሆኑ ከሌሎቹ መካከል የነበረባቸው 20 ብቻ ነበሩ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀናንሰው ሲሰላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በአገሪቱ ውስጥ ሕፃናትን ፀሐይ አሙቁ የሚለው የጤና ባለሙያዎች ምክር ትልቅ ክብደት ያለው ለዚህ ነው።

ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ሪኬትስ በጊዜ ከተደረሰበት በፀሐይ፣ በቫይታሚንና በካልሲየም ይታከማል፣ ቢላዋም አያስፈልገውም። ሥሩ የለስላሳው አጥንት እድገት የሆነው ስርጉድ ደረት ግን ፀሐይም ክኒንም አያነሳውም።

ሐኪሞች ይህን ጉድጓድ ለማንሳት መሞከር የጀመሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ጀርመናዊው ሉድቪግ ማየር ከደረቱ ላይ ለስላሳ አጥንት ቆርጦ አወጣ፤ አልተሳካለትም። በ1913 ፈርዲናንድ ዛወርብሩህ የ18 ዓመት ወጣት አከመ። ወጣቱ ቁጭ ባለበት እንኳ ትንፋሽ ስለሚያጥረው በአባቱ የሰዓት ፋብሪካ መሥራት አቅቶት ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት መሥራት ቻለ። ጉድጓዱ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ለሚሉ ሁሉ ይህ የሰዓት ሠሪ ታሪክ ዛሬም ድረስ መልስ ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የገነነው ግን እ.ኤ.አ. በ1949 ማርክ ራቪች የተባለው አሜሪካዊ ያቀረበው ዘዴ ነው። ደረቱ ፊት ለፊት ይከፈታል፣ የተዛነፉት ለስላሳ አጥንቶች በሙሉ ይወጣሉ፣ የደረት አጥንቱ ተሰብሮ ይቃናል። ለብዙዎች ሠርቷል። ነገር ግን ለስላሳው አጥንት ደረት የሚያድግበት ቦታም ነው። በልጅነታቸው፣ ያውም ብዙ አጥንት ወጥቶላቸው የታከሙ አንዳንድ ልጆች ደረታቸው አላድግ ብሎ ሳንባቸው ሲታፈን እንደታየ በ1996 የጆንስ ሆፕኪንሱ አሌክስ ሃለርና ባልደረቦቹ ጽፈዋል። ሊያቃኑት የነበረውን ደረት እንዳያድግ ማድረግ፣ ለሕፃናት ቀዶ ሐኪም ከዚህ የከፋ ነገር ጥቂት ነው።

በዚያው ጊዜ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በኖርፎክ ከተማ፣ ኪንግስ ዶተርስ በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል አንድ ሐኪም ምንም አጥንት ሳያወጣ ልጆችን ሲያክም ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ዶናልድ ነስ ይባላል፤ ሕክምናን የተማረው በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ነው። አነሳሱ ማንም ሐኪም በየቀኑ ከሚያያቸው ነገሮች ነው። የልጅ ደረት እጅግ ከመተጣጠፉ የተነሳ በአደጋ ጊዜ ክፉኛ ተጨፍልቆም የጎድን አጥንቱ ሳይሰበር ይቀራል። ሳንባቸው ለዓመታት የታመመ አዛውንቶች ደግሞ አድገው ከጨረሱ በኋላ እንኳ ደረታቸው እንደ በርሜል ይነፋል፤ ቅርጽ በዕድሜ ማምሻም ይለወጣል ማለት ነው። የጥርስ ሐኪሞች ጥርስን፣ የአጥንት ሐኪሞች እግርን በዝግታ እየገፉ ያቃናሉ። ታዲያ ደረትን ከውስጥ በብረት ደግፎ ለጥቂት ዓመታት ማቆየት ለምን አይቻልም? የመጀመሪያውን ልጅ እ.ኤ.አ. በ1987 አከመ። ቡና ለቃሚ እርጥብ ቅርንጫፍ ሳይሰብር ወደ ራሱ እንደሚያጎነብሰው፣ ነስም ያሰበው የልጅነትን ልስላሴ ሳይቆርጡ መጠቀም ነው።

ነስ ለማሳተም አልቸኮለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱን ሲያወጣ አሥር ዓመት የሞላው ልምድ ነበረው፤ የታከሙት 42 ልጆች ሲሆኑ ብረቱ ከወጣላቸው 30 መካከል 22ቱ እጅግ ጥሩ፣ አራቱ ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ያልተሳካላቸውንም አልደበቀም፤ በአንዳንዶቹ ብረቱ ለስላሳ ስለነበር ተጎብጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ይኸው ሆስፒታል በ21 ዓመት ውስጥ የታከሙ 1,215 ሕሙማንን ውጤት አወጣ። ዘዴው ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ልጁ ሙሉ ሰመመን ተሰጥቶት በጀርባው ይተኛል፣ እጆቹ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ሐኪሙ የደረቱን ስፋት ለክቶ አንድ ጠፍጣፋ ብረት በልጁ ልክ እንደ ቀስት ያጎብጣል። ከዚያ በሁለቱ ጎኖች፣ ከብብት ወረድ ብሎ፣ የጥቂት ሳንቲ ሜትር ቀዶች ይከፈታሉ። በአንደኛው ጎን በሌላ ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ይገባና የደረቱን ውስጥ በስክሪን ያሳያል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀዶ ሕክምናው ልብ ነው። ረጅምና ጎባጣ መሣሪያ በቀኝ ጎን ገብቶ በደረት አጥንቱና በልቡ መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ እያለያየ በግራ በኩል ይወጣል። ጉድጓዱ በጣም በጠለቀባቸው ሕሙማን ላይ ይህ ቦታ የለም ማለት ይቀላል፤ መሣሪያው የሚሄደው ከሚመታው ልብ ጋር እየተነካካ ነው። ልብ የተበሳባቸው ሕሙማን በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል፤ ጥቂት ናቸው፣ ሞትም ግን አለበት። ካሜራው በነስ የመጀመሪያ ዓመታት አልነበረም፣ በኋላ የተጨመረው ለዚህ ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ብረቱ ጉብታው ወደ ጀርባ ዞሮ ይሳባል፤ በመጨረሻም በመሣሪያ ተይዞ ግማሽ ዙር ይገለበጣል። በዚያች ቅጽበት የደረት አጥንቱ ብድግ ይላል። ለዓመታት ጎድጉዶ የኖረ ደረት በሰከንዶች ውስጥ ቀና ሲል ማየት ለለመዱት ሐኪሞች እንኳ አስገራሚ ነው። ብረቱ እንዳይዞር ከጎድን አጥንት ጋር ይታሰራል፣ ቀዶዎቹ ይሰፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ የሚፈሰው ደምም እጅግ ጥቂት ነው።

ቀዶው ትንሽ ነው ማለት ሕመሙ ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ለወላጆች በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። መላው ደረት በአንድ ጊዜ ቅርጹን ስለሚለውጥ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ለረጅም ጊዜ መፍትሔው በጀርባ የሚሰጥ ማደንዘዣና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነበር። አሁን በብዙ ማዕከላት በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉትን ነርቮች በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ለደቂቃዎች በብርቱ ቅዝቃዜ ማደንዘዝ ተለምዷል። ነርቮቹ በወራት ውስጥ ይመለሳሉ፤ ያ ጊዜ ግን ልጁ የሚያገግምበት ስለሆነ ቀድሞ ለቀናት ሆስፒታል ይተኛ የነበረው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ቤቱ ይገባል።

ማን ይታከም? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ስርጉድ ደረት ብረት አይሻም። ሃለር እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ቀላል ስሌት አቀረበ። በሲቲ ስካን ላይ የደረቱ የውስጥ ስፋት በጠበበው ቦታ ላይ ላለው ጥልቀት ይካፈላል። ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ከሆነ ውጤቱ 2.5 ነው፤ ይህ የጤነኛ ደረት ልክ ነው። ጥልቀቱ ወደ 5 ከወረደ ውጤቱ 5 ይሆናል። ከ3.25 በላይ ሲሆን ቀዶ ሕክምናን ማሰብ ይጀመራል፤ ያም ሆኖ ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም። የልብ አልትራሳውንድ፣ የሳንባ ምርመራና ልጁ ራሱ የሚናገረው ተደምረው ይታያሉ። ልጁ የሚናገረው ሲባል ትንፋሹ ብቻ አይደለም። በደረቱ ምክንያት ከሰው የሸሸ የ14 ዓመት ልጅ ሐዘን የሕክምና ምክንያት ሆኖ መቆጠሩ ትክክል ነው።

ሚዛን ተፈሪ ላይ ወይም ሸኮ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ ጤና መኮንን ሲቲ ስካን ሳይኖረው ማየት የሚችለው ብዙ ነገር አለ። ልጁ ከዕድሜው በላይ ቀጭንና ረጅም ነው ወይ? የተዘረጉ እጆቹ ከቁመቱ ይበልጣሉ ወይ? ጣቶቹ ረዣዥም ናቸው፣ ማየትስ ይቸግረዋል ወይ? እነዚህ አንድ ላይ ከተገኙ ማርፋን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም መጠርጠር አለበት። በዚያ ሕመም ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር እየሰፋ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል፤ ልጁን የሚገድለው ያ ነው፣ ጉድጓዱ አይደለም። ሸሚዝ አስወልቆ ማየት፣ ልብን ማዳመጥ፣ ቁመትና እጅ መለካት፣ ከዚያ ሪፈር መጻፍ። ይህ ሁሉ መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ከሪፈሩ በኋላ ያለው ግን መንገድ ነው። ከሚዛን አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በቦንጋ አልፎ ጅማ ላይ ትልቁ የአካባቢው ሪፈራል ሆስፒታል ይገኛል። የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል በአቅራቢያ መኖሩ ብዙ ነገር ለውጧል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚያሠለጥነው መርሐ ግብርም በገጠር ሆስፒታሎች ምጥ የጠናባቸውን እናቶችና አንጀታቸው የታጠፈ ሕሙማንን እንዲያድን ታስቦ የተጀመረ ነው። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ለቀዶ ሕክምና የተለየ አገራዊ ዕቅድ አውጥቷል። በዓለም ላይ አምስት ቢሊዮን ሰው አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና በሚፈልገው ጊዜ እንደማያገኝ የላንሴት ኮሚሽን በ2015 ካስታወቀ በኋላ የመጣ ዕቅድ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የነስ ብረት ቀዳሚ ቦታ አይኖረውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ደም እየፈሰሳት ያለች ወላድ ትቀድማለች።

ብረቱ ራሱ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ከብረቱ ይልቅ የሚጎድለው ግን በዙሪያው ያለው ነው። ልብ ቢበሳ ደረትን ወዲያውኑ ከፍቶ የሚሰፋ ሐኪም፣ የደረት ቀዶ ሕክምናን የለመደ ሰመመን ሰጪ፣ ካሜራ፣ የተዘጋጀ ደም፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ። ይህን የመሰለ ዝግጅት በኢትዮጵያ የተገነባው በልብ በኩል ነው። በዶ/ር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ከፍቶ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከውጭ ከሚመጡ ቡድኖች ጋር እየሠራ የአገር ውስጥ ባለሙያዎችንም ሲያፈራ ቆይቷል። ደረትን ለማቅናት የሚያስፈልገው እጅና ዕቃ ልብን ለመጠገን ከሚያስፈልገው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ቢገኝ ይመረጣል።

በአከርካሪ በኩል ደግሞ ሌላ ልምድ አለ። አሜሪካዊው የውስጥ ደዌ ሐኪም ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ በሚገኘው የእማሆይ ቴሬዛ ማዕከል ሲሠራ ጀርባቸው ክፉኛ የጎበጠ ልጆችን ማሰባሰብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2006 አንስቶም ብዙዎቹን ወደ ጋና፣ ፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦኣቺ-አጄ ወዳቋቋሙት የአጥንት ሕክምና ተቋም ሲልክ ቆይቷል። ልጆቹ ከየክልሉ የሚመጡ ናቸው። ከዚህ ሥራ የሚወሰደው ትምህርት ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ያለው ነው። ልጁ ምግብ ተስተካክሎለት ክብደት ይጨምራል፣ ሳንባው ይለካል፣ ከተመለሰም በኋላ ለዓመታት ክትትል አይቋረጥበትም። ያለዚህ አንድ የውጭ ቡድን ለሳምንት መጥቶ ብረት አስገብቶ ቢሄድ ግማሽ ሕክምና ነው፤ ብረቱ መውጣት አለበትና።

ቢላዋ የማይነካ መንገድም አለ። ራሱ ስርጉድ ደረት የነበረበት ጀርመናዊው ኤክካርት ክሎበ በእጅ በሚጨመቅ ፓምፕ አየር የሚስብ፣ በደረት ላይ የሚደፋ ሳህን ሠርቷል። ጉድጓዱ ጥልቀት በሌለው፣ ደረቱም ገና በሚተጣጠፍ ልጅ ላይ በየቀኑ፣ ከዓመት በላይ በትዕግሥት ከተያዘ ደረቱን ሊያነሳ ይችላል። መብራት አይፈልግም፣ ሰመመን አይፈልግም። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር የ10 ዓመት ልጅ ከብረቱ ቀድሞ መታሰብ ያለበት ይህ ይመስላል፤ ሲጀመር ግን ሐኪም ልቡን አይቶ፣ አጠቃቀሙን አስተምሮ መሆን አለበት።

ብረቱ ከገባ በኋላ ያለው ኑሮ የራሱ ሕግ አለው። ብረቱ በአማካይ ሦስት ዓመት ይቆያል። ቀድሞ ከወጣ ደረቱ መልሶ ሊሰረጎድ ይችላል። ልጁ ብረት እንዳለው ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ጤና ጣቢያም ማወቅ አለበት፤ ልቡ ቢቆምና ደረቱ መጫን ቢያስፈልግ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወገብ መጠምዘዝና በጎን መተኛት አይፈቀድም። ከባድ ሸክምም ለሦስት ወር ያህል ክልክል ነው፤ ከተሸከመ ብረቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላልና።

ሸኮ ላይ ይህ ሕግ ከቡናው ጋር ይጋጫል። ሐኪምም ወላጅም ቶሎ የሚታያቸው ትምህርት የሚዘጋበት ክረምት ነው። በነሐሴ ብረት የገባለት ልጅ ግን ሦስት ወሩን ሳይጨርስ ጥቅምት ይደርሳል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ጆንያ የሚያነሳ ሰው ይፈልጋል፣ ደረቱ የተቃናለት ልጅም አልችልም ማለት ያፍራል። ስለዚህ ቀጠሮው ለቀማው ካለቀ በኋላ ወደ ጥር ቢገፋ ይሻላል፤ ከትምህርቱ ጥቂት ሳምንታት ያመልጡታል፣ ሚያዝያ ላይ ግን እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ብረቱ የሚወጣበት ቀን ሦስት ዓመት ቀድሞ በካርዱ ላይ ሲጻፍም ያው ጥር ይሁን፤ ቡናው ተሸጦ የመሳፈሪያ ገንዘብ በእጅ የሚገኘው በዚያን ሰሞን ነው።